ታች የቆሙት ሰዎች

ቀኑ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ቀን 2019 ነበር። ቅዳሜ። ኤቨርተን በጉዲሰን ፓርክ አርሰናልን ያስተናግዳል። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ያን ሰሞን አርሰናልን መደገፍ ምን ማለት እንደነበር ያየ ያውቀዋል። እንደዚያም ሆኖ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብያለሁ። ታናሽ እህቴ አጠገቤ አለች። እሷ ከኳስ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ጨዋታው አልቆ ሪሞቱን እስክሰጣት ነው የምትጠብቀው።

ጨዋታው ዓይን የሚይዝ አልነበረም። የጎል ሙከራ እንኳ ብርቅ ነበር። ካሜራው ሜዳው ላይ የሚያሳየው ሲያጣ ወደ ላይ፣ ወደ ተመልካቹ ይወጣል። እዚያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ካርሎ አንቸሎቲ ነው። የኤቨርተን አሰልጣኝ መሆኑ የተነገረው በዚያው ዕለት ነው። ሌላው ሚኬል አርቴታ ነው። አርሰናል ከአንድ ቀን በፊት ሾሞታል። ካሜራው አንዴ አንቸሎቲን፣ አንዴ አርቴታን ያሳያል። እኔም አብሬው ወደ ላይ እወጣለሁ። አርቴታ ምን እያሰበ ይሆን? ማንን ያስቀራል? ማንን ያሰናብታል? ፊቱ ላይ መጪውን ዓመት ላነብ እሞክራለሁ።

እህቴ ድንገት ጠየቀችኝ።

«እነዚህ በየደቂቃው የሚያሳዩዋቸው ሰዎች እነማን ናቸው?»

«አዲሶቹ አሰልጣኞች ናቸው። የሁለቱም ክለብ።»

«እሺ፣ እዚያ ታች የቆሙትስ?»

«እነሱ ጊዜያዊ ናቸው። ዛሬ ያበቃሉ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ጨዋታው ግን እኮ አሁን ነው» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ሪሞቱን ሰጠኋትና ተነሳሁ። ንግግሯ ግን አብሮኝ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክለብ አሰልጣኙን አባሮ ምክትሉን ሜዳ ዳር ባቆመ ቁጥር ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣብኛለች። ጨዋታው ግን እኮ አሁን ነው።

ሁለት ቀን ያልሞላ ዝግጅት

ታች ከቆሙት አንዱ ደንካን ፈርጉሰን ነበር። ከእሱ ልጀምር፣ ምክንያቱም የእሱ ታሪክ ለመናገር ይቀላል።

ኤቨርተን ዲሴምበር 4 ረቡዕ ማታ በአንፊልድ በሊቨርፑል 5 ለ 2 ተሸነፈ። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባ፣ 18ኛ። በማግስቱ ሐሙስ አሰልጣኙ ማርኮ ሲልቫ ተሰናበተ። ቅዳሜ ደግሞ ገና በቀትር ቼልሲ ይመጣል። ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት ስለ ኤቨርተን ክፉ ያልተናገረ ተንታኝ አልነበረም ማለት ይቻላል። ፈርጉሰን ቡድኑን የተረከበው እዚህ መሃል ነው። ተጫዋች መግዛት አይችልም፣ የዝውውር መስኮቱ ዝግ ነው። አዲስ አጨዋወት ለማስተማርም ጊዜ የለውም። ያለው አንድ ወይም ሁለት ልምምድ እና አፉ ብቻ ነው።

ስኮትላንዳዊው ፈርጉሰን ኤቨርተን የገባው በ1994 በውሰት ነው። በ1995 ማንቸስተር ዩናይትድን አሸንፎ ኤፍ ኤ ካፕ ካነሳው ቡድን ጋር ነበር። ወደ ኒውካስል ሄዶ ተመልሷል። ጫማውን እስከ ሰቀለበት እስከ 2006 ድረስ የጉዲሰን ሰው ሆኖ ኖረ። ከዚያ ልጆችን እያሠለጠነ ከታች ወደ ላይ መጣ። ደጋፊው ስሙን ከነጥፋቱ ያውቀዋል። በተጫዋችነቱ ዘመን ቀይ ካርድ አይለየውም ነበር፣ እስር ቤትም ገብቶ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ይወዱታል።

ያን ቅዳሜ ሱፍ ለብሶ መጣ። እጁ ላይ የሟቹን የሃዋርድ ኬንዳልን ሰዓት አስሯል። ኬንዳል ኤቨርተንን በ1985 እና በ1987 የሊግ ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። ይህን ዝርዝር ስሰማ ገረመኝ። ሰውየው ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቼልሲን የሚያቆም መላ መፈለግ አለበት። ያን ሁሉ ጭንቀት ይዞ፣ ክለቡ ታላቅ የነበረበትን ዘመን እጁ ላይ አስሮ መውጣቱን አልረሳም።

በ5ኛው ደቂቃ ሪቻርሊሰን አገባ። ከዕረፍት መልስ ካልቨርት ሌዊን ሁለት ጨመረ። 3 ለ 1። ውጤቱን ብዙ ሰው ረስቶታል፣ የማይረሳው ሌላ ነው። ጎል በገባ ቁጥር ያ ረጅም ሰው ኮቱን እያውለበለበ በሜዳው ዳር ይሮጥ ነበር። ያገኘውን ኳስ አቀባይ ልጅ አፈፍ አድርጎ ያቅፋል። ልጆቹ እጁ ውስጥ እንደ አሻንጉሊት ነበሩ። ስታዲየሙ ተናወጠ።

ያን ጊዜ በቴሌቪዥን አይቼ፣ «ዕድለኞች» ብዬ ነበር። ቅናት ነበረበት። አሁን ሳስበው ግን የኤቨርተን ደጋፊ ያን ቀን ያገኘው ሦስት ነጥብ ብቻ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ እንደነሱ ያመመው ሰው ሜዳው ዳር ቆሞ አገኙ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ፈርጉሰን እንደ ባለቤት ጮኸ። ስታዲየም ሙሉ ሰው አብሮት ጮኸ።

ሁሉም ነገር ያማረ አልነበረም። በቀጣዩ ሳምንት በኦልድ ትራፎርድ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ፣ የ19 ዓመቱን ሞይዝ ኪንን ቀይሮ አስገብቶ ጨዋታው ሳያልቅ መልሶ አስወጣው። ሰዓት ለመግደል ብዬ ነው አለ። እኔ ያን ውሳኔ ዛሬም አልወደውም። ልጁ ጎል አጥቶ የተጨነቀ ልጅ ነበር፣ ሌላ የሚወጣ ሰው አይጠፋም ነበር። ከዚያ በካራባኦ ካፕ፣ ማለትም በእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ፣ ሩብ ፍጻሜ ከሌስተር ጋር ከ2 ለ 0 ተመሪነት ተነስተው አቻ ሆኑና በመለያ ምት ወደቁ። ቀጥሎ የኔ አርሰናል መጣ፣ 0 ለ 0። ሦስት የሊግ ጨዋታ፣ አምስት ነጥብ፣ ሽንፈት የለም። የፈርጉሰን ዘመን ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት።

የፍሬዲ ሦስት ሳምንት

ሌላው ታች የቆመው ሰው ፍሬዲ ሊዩንበርግ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

የአርሰናል አሰልጣኝ ኡናይ ኤምሪ ኖቬምበር 29 ሲሰናበት ክለቡ ወደ ምክትሉ ዞረ። ፍሬዲን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የ2002ቱን ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ያየ፣ ያን ቀይ ፀጉርና ያቺን ጎል አይረሳም። ሳይሸነፍ የውድድር ዓመቱን የጨረሰው የ2003/04 ቡድን አባል ነው። ልጅ ሆኜ ሜዳ ላይ ስሮጥ «እኔ ፍሬዲ ነኝ» ብዬ ተጣልቻለሁ። ሌላ ልጅም ፍሬዲ መሆን ይፈልግ ስለነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ቡድኑን የተረከበው። እኔ ምን አደረግሁ?

የመጀመሪያው ጨዋታ ከኖርዊች 2 ለ 2። ፊቴን አጠቆርኩ። ሁለተኛው ዲሴምበር 5 ሐሙስ ማታ በሜዳችን በብራይተን 2 ለ 1 ተሸነፍን። ልብ በሉ፣ ሲልቫ ከኤቨርተን የተባረረው በዚያው ምሽት ነው። ያን ማታ ለጓደኛዬ የላክሁት መልእክት አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «ቶሎ ትክክለኛውን አሰልጣኝ ያምጡልን» ይላል። ትክክለኛውን። ልጅ ሆኜ ስሙን ለራሴ ለመውሰድ የተጣላሁለትን ሰው በስድስተኛው ቀን «ትክክለኛ ያልሆነ» አልኩት።

ቡድኑ ያን ሰሞን በሁሉም ውድድር ዘጠኝ ጨዋታ ያለ ድል ሄዶ ነበር። ከ1977 ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም። ከዘጠኙ ሰባቱ የኤምሪ ናቸው። የፍሬዲ ሁለት ብቻ። ንዴቴን ግን ሁሉንም እሱ ላይ አራገፍኩት። የተባረረውን ሰው መሳደብ ጣዕም የለውም፣ ሄዷል። የሚመጣውን ገና አናውቀውም። መሃል የቆመው ብቻ ነው የሚገኘው።

ዲሴምበር 9 በዌስትሃም ሜዳ 1 ለ 0 እየተመራን ነበር። ፍሬዲ ያን ቀን የ18 ዓመቱን ገብርኤል ማርቲኔሊን በፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው አሰለፈው። ማርቲኔሊ አገባ። ቀጥሎ ፔፔ፣ ቀጥሎ ኦባሜያንግ። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጎል። ዘጠኝ ጨዋታ የቆየ ድርቅ በዘጠኝ ደቂቃ ተሰበረ። እኔ ግን ያን ማታ ያሞገስኩት ማርቲኔሊን ነው። «ይሄ ልጅ የት ነበር?» አልኩ። ማን አስገባው ብዬ አልጠየቅሁም።

ከሦስት ቀን በኋላ በዩሮፓ ሊግ ከስታንዳርድ ሊዬዥ ጋር 2 ለ 0 እየተመራን ሳለ ቡካዮ ሳካ አንዱን ለላካዜት አቀበለ፣ ሌላውን ራሱ አስቆጠረ፤ አቻ ወጣን። 18 ዓመቱ ነው። ፍሬዲ በአርሰናል አካዳሚ ከታዳጊዎቹ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት ከ23 ዓመት በታች ቡድኑን ያሠለጥን ነበር። ልጆቹን በስም ብቻ አይደለም የሚያውቃቸው። የትኛው ሲሸነፍ እንደሚያለቅስ፣ የትኛው ሲነገረው እንደሚሰማ የሚያውቅ ይመስለኛል። ይህ የኔ ግምት ነው። ግን በእነዚያ ሳምንታት የወሰናቸው ውሳኔዎች እንዲህ እንዳስብ ያደርጉኛል።

ከዚያ ዲሴምበር 15። ማንቸስተር ሲቲ በሜዳችን 3 ለ 0። ሦስቱም ከዕረፍት በፊት። ሲቲ ወንበር ላይ ከዋናው አሰልጣኝ ከጋርዲዮላ አጠገብ የተቀመጠው ምክትል ሚኬል አርቴታ ነበር። ይህን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ፍሬዲ ቡድኑ እየተቀጣ በአንደኛው ወንበር በኩል ቆሟል። በሌላኛው በኩል ቦታውን የሚወስደው ሰው ተቀምጧል። በማግስቱ ጋዜጦች የአርሰናል ኃላፊ ሌሊት ከአርቴታ ቤት ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶ አወጡ። እንደ ደጋፊ ደስ አለኝ። «በቃ፣ ሊያልቅ ነው» አልኩ።

በዚያ ሰሞን ፍሬዲ ያለ በቂ ረዳት ነበር የሚሠራው። አብሮት የነበረው የአካዳሚው ኃላፊ ፔር ሜርተሳከር ነው፣ እሱም የራሱን ሥራ ደርቦ። ፍሬዲ ክለቡ ቶሎ ቢወስን ይሻላል ብሎ በይፋ ተናገረ። ያን ጊዜ ቅሬታ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስሰማው ሌላ ነው። ሰውየው ቦታውን ለራሱ ስጡኝ አላለም። ተጫዋቾቹ ይህን ሁኔታ መሸከም የለባቸውም ነው ያለው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አባቶች። ጊዜያዊ አሰልጣኝ ግን ሲሾም ነው መሻሩን የሚያውቀው። የሚያጭደው አዝመራ የለም። ፍሬዲ ይህን እያወቀ በመጨረሻ ቀኑ፣ በዚያ ቅዳሜ፣ በጉዲሰን ፓርክ ያሰለፋቸውን ልጆች ተመልከቱ። ኪራን ቲየርኒ ትከሻው ወጥቷል፣ ኮላሲናችም ተጎድቷል፣ ስለዚህ የክንፍ ተጫዋቹን ሳካን የግራ መስመር ተከላካይ አደረገው። ማርቲኔሊን ከፊት አቆመ። ሪስ ኔልሰንን አሰለፈ። ለኤሚል ስሚዝ ሮው በፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያውን የቋሚ አሰላለፍ ዕድል ሰጠው። አዲሱ አለቃ ከላይ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ለራሱ ስም የሚጨነቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ልምድ ያላቸውን ደርድሮ በክብር ልውጣ ይላል። እሱ ልጆቹን ለአዲሱ ሰው አሳየለት።

ስድስት ጨዋታ። አንድ ድል፣ ሦስት አቻ፣ ሁለት ሽንፈት። በሊጉ ያገኘው አምስት ነጥብ ነው። ፈርጉሰንም ያገኘው አምስት ነጥብ ነው። አዎ፣ የፍሬዲ በአምስት ጨዋታ ነው፣ የፈርጉሰን በሦስት። ልዩነቱን አልክድም። ግን ነጥቡ እኩል ሆኖ አንዱ ስሙ እየተዘመረ ተሸኘ፣ ሌላው በጸጥታ ወደ ምክትልነቱ ተመለሰ። በቀጣዩ ኦገስት ከክለቡ ለቀቀ። የመልቀቁን ዜና በስልኬ አንብቤ አለፍኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ለምንድን ነው የምናመሰግነው?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ጊዜያዊ አሰልጣኝን የምንወደው ስላሸነፈ ነው? እንዲያ ቢሆን ራፋ ቤኒቴዝ በቼልሲ በተወደደ ነበር። በ2012/13 በጊዜያዊነት ገብቶ ዩሮፓ ሊግን አንስቶ ወጣ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ደጋፊው ሲቃወመው ነበር። በሊቨርፑል ዘመኑ የተናገረውን አልረሱለትም። ዋንጫው አልታደገውም።

ከእሱ በፊት የነበረው ሮቤርቶ ዲ ማቴዮ ደግሞ በ2012 ኤፍ ኤ ካፕንና ሻምፒዮንስ ሊግን በአንድ ወር ውስጥ አነሳ። ሙኒክ ላይ፣ ባየርን በገዛ ሜዳው፣ በመለያ ምት። ደጋፊው ዛሬም ስሙን ይዘምርለታል። ክለቡ በጁን ቋሚ አደረገው፣ በኖቬምበር አባረረው። የደጋፊው ፍቅር ግን ከመባረሩ ጋር አልተባረረም።

ሶልሻየርን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዲሴምበር 2018 ማንቸስተር ዩናይትድን በጊዜያዊነት ተረክቦ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በሜዳቸው በፓሪስ ሴንት ዠርማ 2 ለ 0 የተሸነፉትን፣ ፓሪስ ላይ በ3 ለ 1 ቀለበሱ። በማርች መጨረሻ ቋሚ ውል ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ በኤቨርተን 4 ለ 0 ተመታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጋፊው እንደ ጊዜያዊ ሳይሆን እንደ ዋና አሰልጣኝ ሒሳብ ይጠይቀው ጀመር። ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር እንደ ጠፋ ይሰማኛል። በጊዜያዊነቱ ሳለ በእሱና በደጋፊው መሃል ዕዳ አልነበረም። የሰጠው ሁሉ ስጦታ ነበር። ውሉ ሲፈረም ስጦታው ግዴታ ሆነ።

ለዚህ ይመስለኛል የማይክል ካሪክ ነገር ልቤን የሚነካው። ሶልሻየር በኖቬምበር 2021 ሲሰናበት ካሪክ ሦስት ጨዋታ መራ። ቪያሪያልን 2 ለ 0 አሸነፈ፣ ከቼልሲ 1 ለ 1 ወጣ፣ እኛን አርሰናሎችን 3 ለ 2 ረታ። ያቺ ሽንፈት አመመችኝ። ጨዋታው እንዳለቀ ግን ክለቡን መልቀቁን ተናገረ። ሦስት ጨዋታ፣ ሽንፈት የለም፣ ደህና ሁኑ። ከተባረረው አለቃው ጋር አብሮ ሲሠራ ነበር፣ ቤቱን አስተካክሎ ለቆ ወጣ። ያኔ የተቃራኒ ደጋፊ ሆኜ እንኳ አጨበጨብኩለት።

ይህን ሁሉ ሳስብ ወደ አንድ ቦታ እመለሳለሁ። ጊዜያዊ አሰልጣኝን የምናመሰግነው ማንም መቆም በማይፈልግበት ሰዓት ስለሚቆምልን ነው። ዋና አሰልጣኝ ሲመጣ ተደራድሮ ነው። ደሞዙን፣ የሚገዙለትን ተጫዋቾች፣ የሚያመጣቸውን ረዳቶች ቆጥሮ ይገባል። ይህ ነውር አይደለም፣ ሥራ ነው። ጊዜያዊው ግን «ነገ ጠዋት ልምምድ አለ፣ ማን ይቁም?» ሲባል እጁን የሚያወጣው ነው። አለቃው ሲባረር የእሱም እንጀራ አብሮ ተናግቷል። ሲያሸንፍ «የአዲስ አሰልጣኝ መነቃቃት ነው» ይሉታል። ሲሸነፍ «ድሮም አይችልም» ይሉታል።

ይህን አምኜ ስጨርስ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳብኛል። ፈርጉሰንም ቆመ፣ ፍሬዲም ቆመ። ለምን አንዱን ብቻ አመሰገንን? ምናልባት የፈርጉሰን ፍቅር የሚታይ ስለነበር ነው። ይሮጣል፣ ያቅፋል፣ ይጮኻል። ካሜራ ይወደዋል። የፍሬዲ ግን አሰላለፍ ወረቀቱ ላይ ነበር። የ18 ዓመት ልጆች ስም ሆኖ። ያን ለማንበብ ሰከን ማለት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሰከን አላልኩም። ዝምተኛውን ሰው ለማመስገን ዓመታት ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ጊዜ

ፈርጉሰን አንቸሎቲ ሲመጣ ምክትል ሆኖ ቀረ። በጃንዋሪ 2022 ኤቨርተን እንደገና ሲናጋ እንደገና ጠሩት። የተባረረው አሰልጣኝ ያው ራፋ ቤኒቴዝ ነበር። እንደገና ቆመ። ጉዲሰን እንደገና ስሙን ዘመረ። በዚህኛው ጊዜ ተአምር አልመጣም። በአስቶን ቪላ 1 ለ 0 ተሸነፈ። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ሽንፈት። ከዚያ ፍራንክ ላምፓርድ ተሾመ፣ በዚያች የ2019 ቅዳሜ በቼልሲ ወንበር በኩል ሆኖ ኳስ አቀባዮቹ ሲታቀፉ ያየው ላምፓርድ።

በዚያው ክረምት ፈርጉሰን ራሱን ችሎ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ኤቨርተንን ለቀቀ። በፎረስት ግሪን ሮቨርስ አልተሳካለትም፣ ክለቡ ወረደ፣ እሱም ተሰናበተ። ይህን የምጽፈው ላሳንሰው አይደለም። የኤቨርተን ደጋፊ ታላቅ አሰልጣኝ ነው ብሎ አልነበረም የወደደው። ያቺን ሽንፈት አይተው እንኳ ፍቅራቸውን አልነሱትም። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳምነኝ ለዚህ ነው። በድል ቀን ማጨብጨብ ማንም ይችላል።

ሳካና ማርቲኔሊ ዛሬ ምን እንደሆኑ አልተርክም፣ ታውቃላችሁ። ሳካ ኳስ ይዞ ወደ ውስጥ ሲቆርጥ ባየሁ ቁጥር ግን አንዳንዴ ያ የጉዲሰን የግራ ተከላካይ ልጅ ትዝ ይለኛል። ላሳደገው ምስጋናው ሁሉ ለአርቴታ ሲሰጥ እሰማለሁ። አርቴታ ይገባዋል። ብዙ ይገባዋል። ግን በር የከፈቱ ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ ለሦስት ሳምንት ብቻ ቆሞ የነበረ ሰው ነው።

ባለፈው ያን የ0 ለ 0 ጨዋታ ሙሉ ቅጂ አገኘሁት። ማን ነው ደረቅ አቻ ደግሞ የሚያይ? እኔ ከፈትኩት። ጎል እንደማይገባ አውቄ ማየት ልዩ ነገር አለው። ኳሱን አልጠብቅም። ካሜራው ወደ ላይ ሲወጣ አብሬው አልወጣሁም፣ ጠበቅሁት። ሲመለስ ሜዳው ዳር ያሉትን ሁለቱን ሰዎች ፈለግሁ። ብዙ አያሳዩዋቸውም። ጥቂት ሰከንድ እዚህ፣ ጥቂት ሰከንድ እዚያ። እሱኑ እያቆምኩ አየሁት።

ከዕረፍት በኋላ እህቴ ገባች። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ የራሷ ቴሌቪዥን አላት። ስክሪኑን አየችና ቆመች።

«ይሄ የድሮ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ስንት ለስንት ነው የሚያልቀው?»

«ዜሮ ለዜሮ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታየው?»

በዚያ ቅጽበት ካሜራው ሜዳው ዳር ነበር። ሪሞቱን አንስቼ አቆምኩትና በጣቴ አሳየኋት።

«እሱን» አልኳት። «ፍሬዲ ይባላል።»

መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ከቆመበት አስቀጠልኩት።